ከመዝለል በፊት መተንፈስ
(ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ዋና ዝግጅት በተማሪዎች ማኅበር የኅዳር ወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ስፖርት አንድ ነገር እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ሩጫ የምናገር መስሎት ነበር። አገራችን በሩጫ የታወቀች ስለ ሆነች በዚያ በኩል ከእኔ የተሻሉ አያሌ ተናጋሪዎች ይገኛሉ። እኔ ግን የቁስቋም ልጅ ነኝ። ያደግሁት እቴጌ ምንትዋብ ካሠሩት ግንብ በታች፣ ቀሐ ወንዝ ውስጥ እየተንቦጫረቅሁ ነውና ስለ ውኃ ልናገር እወዳለሁ። ይኸውም ስለ ሞቀው ውኃ ሳይሆን ስለ ቀዝቃዛው ነው።

ነገሬን ከራሴ ውርደት ልጀምር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በጨረስሁበት ዓመት፣ በጥምቀት ዕለት ጧት ከሰፈሬ ልጆች ጋራ በፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ ቆሜ ነበር። ሁላችሁም እንደምታውቁት ይህ በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ይከርምና ለበዓሉ ከቀሐ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ጥር በጎንደር ቀኑ ደስ የሚል ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል፤ ውኃውም ያንን ሌሊት አድሮበት ነው የሚጠብቀን። እኔ ደግሞ የገሃድን ጾም ጾሜ፣ ሌሊቱን ከታቦታቱ ዘንድ ቆሜ አድሬ፣ እንቅልፍም ምግብም ሳይኖረኝ ነበር። ካህናቱ ውኃውን እንደ ባረኩ እልልታው ሲቀልጥ ከሁሉ ቀድሜ ዘለልሁ።

ዋና የማውቅ መስሎኝ ነበር። ቀሐ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የምንዋኘው ግን በቀትር፣ ፀሐይ ድንጋዩን ሲያግለው፣ እግራችንም መሬት ሲነካ ነበር። በዚያን ጧት ግን ውኃው ገና ደረቴን ሲነካኝ አፌ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ተከፈተ። አየር ልስብ ስል ውኃ ሳብሁ። ልጮህ ብሞክር ድምፅ አልወጣልኝም፤ እጄና እግሬም የሌላ ሰው ይመስል አልታዘዝ አሉኝ። በዙሪያዬ አንድ መቶ ሰው እየዘለለ፣ እየሳቀ፣ ውኃ እየተራጨ ሳለ እኔ በመካከላቸው እሰምጥ ነበር፤ አንድም ሰው አላወቀም። በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ክንዴን ጨብጠው ወደ ግንቡ ጠርዝ ጎተቱኝ። ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም። የተናገሩኝን ግን አልረሳውም፤ «ልጄ፣ አይዞህ፤ እስቲ መጀመሪያ ተንፍስ፤ መዋኘቱ ይደርሳል» አሉኝ።

ጓደኞቼ ከውኃው ወጥቼ ስንቀጠቀጥ ባዩኝ ጊዜ ሳቁብኝ። «የቁስቋም ጀግና ፈራ» የሚል ስም ወጣልኝ። እኔም አመንኋቸው። ለአንድ ዓመት ያህል ፈሪ የሆንሁ እየመሰለኝ በልቤ አፍር ነበር። በሚቀጥለው ጥምቀት እግሬን አመመኝ ብዬ ወደ መዋኛው ሳልቀርብ ቀረሁ፤ እግሬን ግን አላመመኝም። ይህን በአደባባይ የምናገረው በመካከላችሁ እንደ እኔ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል ብዬ ስለማስብ ነው።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሰውነት አሠራር ስንማር ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ በተመሠረተ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ቀዝቃዛ ውኃ የሚናገር መጽሐፍ ማግኘት አያስቸግርም። ሊቃውንቱ የእኔን ነገር ፍርሃት ብለው አይጠሩትም፤ «የብርድ ድንጋጤ» ይሉታል። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰው ሳይወድ በግዱ ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር የሚደርስ አየር በአንድ ትንፋሽ ይስባል። ከዚያም ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ልቡ ይደልቃል፣ የደም ግፊቱ ይወጣል። ያ የመጀመሪያው ትንፋሽ የመጣው ራሱ ከውኃ በታች ሳለ ከሆነ የሚስበው አየር ሳይሆን ውኃ ነው። በደረቅ መሬት አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን የሚይዝ ጎበዝ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዐሥር ሰከንድ እንኳ መያዝ ያቅተዋል። ይህ ሁሉ እጅግ የሚበረታው በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜም ይበርዳል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ቀዝቃዛ ውኃ የሚገድለው በማደንዘዝ፣ ቀስ በቀስ ሰውነትን በማቀዝቀዝ ይመስለዋል። ያም አለ፤ ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል። በካናዳ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጎርደን ጊስብሬክት ነገሩን ለማስታወስ በሚያመች ቁጥር አስቀምጠውታል፤ አንድ፣ ዐሥር፣ አንድ። ይኸውም በበረዶ ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለማስተካከል አንድ ደቂቃ አለው፤ እጅና እግሩ ሳይደነዝዝ የሚረባ ሥራ የሚሠራበት ዐሥር ደቂቃ አለው፤ ሙቀቱ ወርዶ ራሱን እስኪስት ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል አለው። የእኛ ውኃ የካናዳን ያህል አይቀዘቅዝምና የኋለኞቹ ሁለት ጊዜያት ለእኛ ይረዝማሉ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ግን ያችው ናት፤ የብርድ ድንጋጤ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ለመድረስ በረዶ አያስፈልገውም፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያለ ውኃ ይበቃዋል። እኔም ልሰምጥ የነበረው በዚያች ደቂቃ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ የደጋ ሰዎች ነገር ይጨመራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ያለ ሰው ከሚያገኘው በሩብ ገደማ ያንሳል። እኛ ለዚህ ተወልደንበታል፤ ሩጫውንም የረዳን ይህ ነው ይባላል። ዳሩ ግን ትንፋሹ የተዛባበት ዋናተኛ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ቢያመልጠው ከጠረፍ ሰው ይልቅ ቶሎ ይደክማል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም ዛሬ የቆምሁት ለማስፈራራት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ማይክ ቲፕተን የተባሉ ፕሮፌሰር ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት መርምረዋል። ያገኙትም ለእኛ ለድሆቹ ተማሪዎች የሚያስደስት ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሰው አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ብቻ፣ በየጊዜው ለሦስት ደቂቃ ያህል፣ ራሱን ሳያሰምጥ እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢገባ የብርድ ድንጋጤው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የተለማመደው ሰውነትም ትምህርቱን ለወራት አይረሳም። ስድስት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ዐሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። እኛ በአንድ ምሳ ሰዓት ወረፋ ከዚህ የበለጠ እንቆማለን።

እኔ ይህን ካነበብሁ በኋላ ልምምዱን የጀመርሁት በቤታችን ጓሮ በበርሜል ነው። ማታ ውኃ ሞልቼ ውጭ አሳድረውና ጧት ፀሐይ ሳይወጣ እገባበታለሁ። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ባየችኝ ጊዜ «ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ እንዲህ እንድትሆን ነው?» ብላ ወደ ጠበል ልትወስደኝ ተነሣች። በሦስተኛው ቀን ዝም አለች፤ በአምስተኛው ቀን አጥሚት አፍልታ ጠበቀችኝ። በርሜሉ ውስጥ የማደርገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መተንፈስ። ውኃው ሲነካኝ ትንፋሼ ሊሮጥ ይነሣል፤ እኔ ግን አየሩን ከመሳብ ይልቅ ማስወጣቱን አረዝማለሁ። አፌን አሞጥሙጬ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው፣ እፍ እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን እፍታዬ እንደ ውሻ ማለክለክ ነበር። በስድስተኛው ቀን በበርሜሉ ውስጥ ሆኜ ከእናቴ ጋራ ስለ በርበሬ ዋጋ አወራሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈሪ ነኝ ብዬ አላሰብሁም።

ነገር ግን በርሜል ዋና አያስተምርም። ይህንንም በግልጥ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ንግግሬ ሰው ይጎዳል። መጀመሪያ ዋና በሞቀ ውኃ፣ መሬት በሚነካ ቦታ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋራ ይለመዳል። እኔን እንደገና ያስተማረኝ ጣና ዳር ያደገ የክፍል ጓደኛዬ ነው። እርሱ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረኝ መቅዘፍን አይደለም፤ በጀርባ ተኝቶ መንሳፈፍን ነው። ጆሮን ውኃ ውስጥ አስገብቶ፣ ሆድን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ እጅን ዘርግቶ ዝም ማለት። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ለኩሩ ጎረምሳ ግን ዝም ብሎ መተኛት እጅግ ከባድ ነው። በብርድ ድንጋጤ የተያዘ ሰው ሊያደርገው የሚገባውም ይኸው ነው፤ ወደ ዳር ለመድረስ መታገሉን ትቶ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ መንሳፈፍ።

ወደ ውኃ አገባባችንንም መለወጥ አለብን። ከግንብ ላይ መዝለል ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ከውኃ በታች የመጀመሪያውን ትንፋሽ የሚያስስብ ግን እርሱ ነው። እግር፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ከዚያ እጅንና ፊትን አርሶ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቆ መግባት ይሻላል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይግባ። ጋቢና ሱሪ ለብሶ የሚገባም ልብሱ በውኃ ውስጥ እንቅስቃሴውን ስለሚያግድበት ሰውነቱ ሲደክም መዋኘት ያቅተዋል።

ስለ አረቄ አንድ ቃል ልበል፤ እዚህ ያላችሁ ሁሉ እንደምትስቁ አውቃለሁ። «አንድ መለኪያ ገልብጦ መግባት ያሞቃል» የሚለው ምክር በሰፈራችን የታወቀ ነው። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አረቄ ከቆዳ በታች ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሙቀቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ሰውየው የሚሰማው ሙቀት ከሆዱ እየወጣ ያለው ሙቀት ነው። ባዶ ሆድም እንዲሁ ነው። ሰውነት የሚሞቀው በመንዘፍዘፍ ነው፤ ለመንዘፍዘፍ ደግሞ ማገዶ ይፈልጋል። ጾሞ ያደረ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከሌላው ቀን ይልቅ ብርድን መቋቋም እንደማይችል ማወቅ አለበት። ጹሙ፤ ግን ጾማችሁ ከሆነ ከዳር አትራቁ፣ ቶሎም ውጡ።

ባለፈው ሳምንት ይህን ሐሳቤን ለአንድ ዘመዴ ባጫወትሁት ጊዜ «የተባረከ ውኃ ሰው አይጎዳም፤ ልምምድ የእምነት ማነስ ነው» ሲል ተቆጣኝ። ስለ እምነት ላስተምር አልተነሣሁም፤ ይህ የካህናቱ ነው። ነገር ግን ካህናቱ ውኃውን በሕዝቡ ላይ ይረጩታል፤ አሮጊቷም ሕፃኑም በዳር ቆመው በረከቱን ያገኛሉ። መዝለሉ የእኛ የጎረምሶቹ ሥራ ነው። ስለዚህ የሥራውን ኃላፊነትም እኛው ብንወስድ ድፍረት አይመስለኝም። ደግሞም ዋና የሚያውቅና ትንፋሹን የገዛ ሰው በዚያ ሕዝብ መካከል ቢኖር ምን እንደሚጠቅም እኔ በክንዴ አውቀዋለሁ።

ከውኃ ስለ መውጣት ደግሞ ብዙ ሰው አያስብም። ከወጡ በኋላ የውስጥ ሙቀት ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ በውኃ ውስጥ ደኅና የነበረ ሰው ከወጣ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ሲንገዳገድ ይታያል። እርጥቡን ልብስ ወዲያው ማውለቅ፣ መድረቅ፣ ራስን መሸፈን፣ ጋቢ መደራረብ፣ ለብ ያለና የጣፈጠ ነገር በትንሽ በትንሹ መጠጣት ይገባል። ቀጥታ ወደ ፍል ውኃ ወይም ወደ እሳት መጣድ ጥሩ አይደለም። አጥሚት ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል።

እስካሁን የተናገርሁት ሰው እንዳይሞት ነው። አሁን ደግሞ ሰው እንዲያሸንፍ ስለሚያደርገው ነገር ጥቂት ልናገር። ረጅም የውኃ ላይ ዋና በዓለም የከበረ ስፖርት ነው። እንግሊዛዊው ማቲው ዌብ በ1875 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የባሕር ወሽመጥ ሰውነቱን ቅባት ተቀብቶ በ21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ተሻገረው። አሜሪካዊቷ ሊን ኮክስ በ1987 ከአሜሪካ ደሴት ወደ ሶቪየት ደሴት በቤሪንግ ወሽመጥ ስትዋኝ ውኃው ከ10 ዲግሪ በእጅጉ በታች ነበር፤ የጎማ ልብስ አልለበሰችም፤ የዋናዋ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ነው። ፈቃድ ለማግኘት ግን 11 ዓመት ደጅ ጠንታለች። ደጅ መጥናት የእኛ ብቻ አለመሆኑን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። ዐሥር ኪሎ ሜትሩ የውኃ ላይ ዋና በ2008 በቤጂንግ ከኦሎምፒክ ገብቷል። በዓለም አቀፉ ደንብ ውኃው ከ16 ዲግሪ በታች ከሆነ ይህ ውድድር አይደረግም። በትራያትሎን ደግሞ ከ12 ዲግሪ ሲወርድ ዋናው ይሰረዛል። ትልልቆቹ ሻምፒዮኖች ቴርሞሜትር ሳያዩ ውኃ አይገቡም፤ እኛ ግን እንገባለን።

ትራያትሎን ማለት ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ሳያርፉ ማከታተል ነው። በኦሎምፒክ ከ2000 ዓመት ከሲድኒ ጀምሮ አለ፤ 1.5 ኪሎ ሜትር ይዋኛል፣ 40 በብስክሌት ይነዳል፣ 10 ይሮጣል። አገራችን በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄድ የላከችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነው፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ ከጥንት ጀምሮ በእጃችን ናቸው። የጎደለን አንዱ፣ ከሦስቱም የመጀመሪያው፣ ውኃው ነው። በ2016 በሪዮ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 ዋኝቶ ከሁሉ ኋላ በገባ ጊዜ ብዙ ሰው ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም፤ ከመሳቅ በፊት እኔ ራሴ መቶውን በስንት እንደምዋኝ ሞከርሁት፤ ቁጥሩን አልነግራችሁም።

ውኃው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ጣና ከጎርጎራ በኩል ከእኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ውኃው ከፋሲል መዋኛ ይሞቃል፤ ብዙውን ጊዜም ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። ነገር ግን ጣና ሞቃት ነው ብሎ የሚታለል አይኑር። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ በ20 ዲግሪ ውኃም አንድ ሰዓት የዋኘ ቀጭን ሰው ከንፈሩ ይጠቁራል። ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ቢልሃርዝያ ነው፤ ተውሳኩ ቀንድ አውጣ በሚኖርበት ሣር ባለበት ዳርቻ ቆዳን በስቶ ይገባል። ስለዚህ ከዳር ሳይሆን በጀልባ ራቅ ብሎ ከጥልቁ መነሣት ያስፈልጋል፤ ከወራት በኋላም መመርመር። መድኃኒቱ ይታወቃል፤ የጤና መምህራኖቻችን በዚህ እንዲረዱን በዚህ አጋጣሚ እለምናለሁ። ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ስለ ጉማሬ የምሰማው የመጽሐፍ ሰው አይደለም፤ የታንኳ ሰዎች የት እንዳለ ያውቃሉና እነርሱ «ዛሬ እዚህ አይዋኝም» ካሉ አይዋኝም።

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከዛሬ እስከ ጥር 11 ቀን ሁለት ወር ገደማ አለን። ዋና የማያውቅ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ መንሳፈፍ ይማር። ዋና የሚያውቅ ስድስቱን የብርድ ልምምድ ይፈጽም። ከእነዚህ መካከል ዐሥራ ሁለት ያህል ሰው ከተገኘ በጥምቀት ጧት የሚዘል ቡድን ሳይሆን በግንቡ ዙሪያ ቆሞ ውኃውን የሚጠብቅ ቡድን እንሁን፤ ገመድና በአየር የተሞላ የመኪና ጎማ ይዘን። ይህንንም የበዓሉን አስተናጋጆች አስፈቅደን ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጎርጎራ ወርደን፣ ታንኳ ጎን ለጎን አስከትለን፣ 1,500 ሜትር እንሞክር። ሰዓት የሚይዝልን መምህር ከተገኘ ደስ ይለናል።

መዝገቡ ከነገ ጀምሮ በማኅበሩ ቢሮ ይገኛል። ብቻውን የሚመጣ አይመዘገብም፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑ፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ከዳር ቆሞ ሰዓት ይይዛል። የመጀመሪያው ልምምድ ቅዳሜ ጧት በ12 ሰዓት በእኛ ቤት ጓሮ ነው፤ በርሜሉ አንድ ስለ ሆነ በተራ ነው። ጋቢ ያልያዘ አይገባም። ስለ አጥሚቱ እናቴን ለምኛታለሁ፤ «ስንት ናቸው?» ብላኛለች፤ መልሱን ከእናንተ እጠብቃለሁ።